ቅርፊቱን ጥሎ የሄደ

ቆቦ፣ ኅዳር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለጀዊሪያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ነሽ ወይ ብለሽ ሦስት ቦታ ጠይቀሻል፤ ሦስቱንም በአንድ መለስኩልሽ።

ኢንተርኔቱ እንደተዘጋ ነው። ፈሪሀ አዲስ አበባ ላይ ያንቺን አትማ ለአውቶብስ ሹፌር ትሰጥልኛለች፤ መንገድ ካለ በሳምንት፣ ከሌለም ሲከፈት ይደርሰኛል። የእኔንም በስልኳ አንስታ ትልክልሻለች። ስለዚህ የአክስታችን ልጅ ሁሉንም እያነበበች ነው ማለት ነው። አንብቢ ፈሪሀ፣ ምንም የለበትም።

ስለ መንሱር እናት ላልሽኝ፣ አዎ፣ እማማ ራህመት እንደገና መጥተው ነበር። ዘንድሮ ሸህ ሙሀመድሰይድን አስከትለው ነው የመጡት። ያው ነው ጥያቄው። መንሱር በጦርነቱ ሰሞን መኪናው ላይ ከሮቢት ሽንኩርት ጭኖ ከሄደ ሁለት ክረምት አለፈ፣ አብሮት የሄደው ረዳት ቤተሰቦች አልቅሰው ወጥቶላቸዋል፣ ለእኛም ልጅ ሬሳው ለሌለ ሰው የሚሰገደው ሰላት ይሰገድለት፣ ሰደቃው ይውጣለት ነው የሚሉት። ሸሁ ሊያስገድዱኝ አልፈለጉም። እማማ ራህመትም «ሚስቱ ሳታምን ልጄን አልቀብርም» ብለዋል። እሳቸው ደግሞ አሁን ከአልጋ የሚነሱት በሰው ድጋፍ ነው። ሳልቀብረው እንዳልሞት ብለው ነው የሚለምኑኝ። ረመዳን ይለፍና እነግራችኋለሁ አልኳቸው።

ሰው ጠንካራ ናት ይለኛል። እንዲያው ነው እንጂ ምንም አይሰማኝም። ማሽላው ሲገባ አስገባሁ፣ ደወል ሲደወል ክፍል ገባሁ። እንባ የሚባለው ነገር ከየት እንደሚመጣ ጠፍቶኛል።

አሁን የክፍል ጥያቄ ልጠይቅሽ። ሰባተኛ ክፍል የእንስሳት ምደባ ላይ ነን። አንዷ ተማሪ የእናቷን አንቀልባ ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ ይሄ ዛጎል የየትኛው ወገን ነው?» አለችኝ። እኔም ቅርፊት አለው ብዬ ከሸርጣን ጋር መደብኩት። ያንቺን እንስሳም፣ የፈረስ ኮቴ ሸርጣን ያልሽኝን፣ እዚያው ጨመርኩት። ተሳስቼ ከሆነ ንገሪኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም።

እህትሽ ዚነት

—

ኩዋንታን፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ዚኑ፣ ለእህት ዓለሜ፤

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላህ ወበረካቱህ! እንደምን ከርመሻል? የቆየሁት ጠፍቼ አይደለም። እዚህ የዝናቡ ወቅት ገብቶ መብራቱም ኔትወርኩም እንደኛ አገር ሆኗል። አውፍ በይኝ።

ቆቦ ተወልዶ ባሕር ዳርቻ ጭቃ ውስጥ እየተንበረከኩ እንስሳ መቁጠር ምን የሚሉት ትምህርት ነው ብለሽ ቀደም ሲል ለጻፍሽልኝ፣ እኔም አንዳንዴ እንደዚያው እላለሁ ወላሂ። ማሌዥያ ድረስ የመጣሁት ለዚህ ነው ብዬ ለሰፈር ሰው እንዳትነግሪ። ሐኪም ልትሆን ነው በያቸው።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ ግን ጉድ አድርገሽኛል፣ ዚኑ! የሰባተኛ ክፍል ልጆች ፈተና ላይ ይሄን ከጻፉ በእኔ ይሁንብኝ፣ አርሚላቸው። ያንቀልባው ዛጎል የቀንድ አውጣ ዘመድ ነው። አጥንት የለው፣ እግር የለው፣ ለስላሳ ገላውን በዚያ በሚያምረው ቤቱ ውስጥ የሚደብቅ። ሸርጣን ሌላ ነው፤ እግሩ መገጣጠሚያ አለው፣ ግንባሩ ላይ አንቴና አለው። የባሕር ኤሊ ደግሞ ከሁለቱም አይደለም፤ ቅርፊቱ የገዛ አጥንቱ ነው፣ ከጎድን አጥንቱ ጋር የተያያዘ። ውጪው ስለተመሳሰለ ዘመድ ናቸው ማለት፣ ነጠላ የለበሰን ሁሉ የአንድ ቤት ልጅ ነው እንደማለት ነው።

የእኔው እንስሳ፣ እዚህ ሰዉ ብላንካስ የሚለው፣ ስሙ ሸርጣን ይባል እንጂ ሸርጣን አይደለም። ድሮ የተማሩትም ሰዎች እንዳንቺው ከሸርጣን ጋር ነበር የመደቡት፣ አይክፋሽ። ገልብጠው ከታች ሲያዩት ግን አንቴና የለውም፤ አፉ ፊት ሁለት ትንንሽ መቆንጠጫ አለው። ያ የማን ነው? የሸረሪትና የጊንጥ! አዎ፣ ያ ማሽላ ሲቆረጥ ከድንጋይ ሥር የሚወጣብን ጊንጥ ዘመዱ ባሕር ውስጥ ይኖራል። ደሙ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ብትነግሪያቸው ውሸታም ይሉሻል።

ሞት ይርሳኝ! የሠራሁትን ስህተት ልንገርሽና ሳቂብኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ዳርቻው ላይ ወድቆ ያገኘሁትን ብላንካስ ሁሉ «የሞተ» ብዬ መዘገብኩ። ብዙ ነው። ማልቀስ ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። አስተማሪዬ አንዱን አንስታ ወደ ብርሃን አዙራ አሳየችኝ፤ ውስጡ ባዶ። ለካ ሲያድግ ቅርፊቱ ይጠበዋል፣ አውልቆ ጥሎት ይሄዳል። እኔ ሬሳ ያልኩት ልብስ ነው! ባለቤቱ ባሕር ውስጥ በሕይወት አለ። ዛጎል ግን እንደዚያ አይደለም። ቀንድ አውጣዋ ቤቷን ጥላ አትሄድም፤ ባዶ ዛጎል ካገኘሽ ባለቤቷ ሞታለች።

ጥንድ ሆነው ወደ ዳርቻ ሲወጡ ደግሞ ወንዱ ሴቷን ከኋላ ይይዛታል፣ ማዕበል ቢመጣም አይለ… ይቅርታ ዚኑ። ምን አስቀበጠኝ። እዚህ ላይ ልሰርዘው ነበር፤ ሰርዤ ብልክልሽ ግን ምን እንደሰረዝኩ ስታስቢ ታድሪያለሽ ብዬ ተውኩት።

አብሽሪ። መንሱር ሲመጣ ሰላም በይልኝ።

ታናሽሽ ጀዊሪያ

—

ቆቦ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለጀዊሪያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። ለተማሪዎቹ አርሜላቸዋለሁ። ስለ ሰማያዊው ደም እንዳልሽው ውሸታም ተባልኩ። ስለ ወንዱና ስለ ሴቷ ለጻፍሽው ይቅርታ አያስፈልግም። አልተቀየምኩም። መቀየምም አቅም ይፈልጋል።

ምን ደብቀሽኛል ብለሽ ጠይቀሽ ነበር፣ በፈሪሀ በኩል በላክሽው አጭር መልእክት። ከድምፅሽ አወቅሁ ብለሻል። ደብዳቤ ድምፅ የለውም፤ አንቺ ግን ድሮም እንደዚያው ነሽ። እሺ፣ ልንገርሽ። ጥቅምት ላይ የመንሱር ጃኬት መጥቷል።

የካኪው ጃኬት ነው፣ ያ ሹፌርነት ሲጀምር የገዛው። አንዲት የዋጃ ነጋዴ ናት ያመጣችው። ለእሷ የሰጣት አንድ አፋር ነጋዴ ነው፣ ለእሱም ሌላ ሰው። «ቆቦ ለመንሱር ቤት አድርሱ ተብሎ ነው» አለችኝ። ከዚህ ሌላ የምታውቀው የለም። ውኃ ጠጥታ ሄደች። ታጥቦ፣ ታጥፎ ነው የመጣው። አራተኛውን ቁልፍ በጥቁር ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ጥቁሩ ክር አለ። እሱ መሆኑ አያጠራጥርም።

ለማንም አልተናገርኩም። እማማ ራህመት ካዩት ያልቅላቸዋል። የእጅጌው ስፌት ተተርትሮ ነበርና የዚያኑ ቀን ቁጭ ብዬ ሰፋሁት፣ ሲመለስ እንዲለብሰው። ሰፍቼ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ስሰፋም ምንም አልተሰማኝም።

ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ መጣ። ሬሳ ያልኩት ልብስ ነው ያልሽው። ጃኬቱን አውጥቼ ዘረጋሁት። ደም የለበትም። አልተቀደደም። ቁልፎቹ በሙሉ አሉ፣ በሙሉ ተፈተዋል። የተገደለ ሰው ቁልፉን ይፈታል? አውልቆት ነው የሄደው፣ ጀዊሪያ። ሞቆት ይሆናል። ወይም ሹፌር መሆኑ እንዳይታወቅበት ይሆናል። በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚያወልቀው።

ትናንት እማማ ራህመት ጋ ሄጄ አይሰገድለትም አልኳቸው። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አንድ ነገር ንገሪኝ። ያ ብላንካስ ቅርፊቱን ሲያወልቅ በየት በኩል ነው የሚወጣው? ባዶው የወለቀ መሆኑን፣ የሞተ አለመሆኑን በምን ትለያላችሁ? በደንብ ጻፊልኝ።

ዚነት

—

ኩዋንታን፣ የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ዚኑ፤

ወዐለይኩም ሰላም። እንዴት ነሽ? ምነው ያን ደብዳቤ ባልጻፍኩት ኖሮ! እኔ ላስቅሽ ብዬ ነበር። ሰው ሸርጣን አይደለም፣ ሸረሪትም አይደለም፣ ዚኑዬ። ስለ ጃኬቱ እኔ የማውቀው ነገር የለም። አለ አልልሽም፣ የለም አልልሽም። አላህ ነው የሚያውቀው። እማማ ራህመትን ግን እንደዚያ ብለሽ መመለስሽ ከበደኝ። ተቆጣሁሽ ማለት አይደለም። ከበደኝ ብቻ።

ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። ላለመመለስ አስቤ ነበር። በኋላ ደግሞ ካልመለስኩላት የባሰውን ታስባለች አልኩ። ለክፍልሽ ነው ብለሽ ያዢልኝ፣ ለጃኬቱ አይደለም።

ብላንካሱ የሚወጣው ከፊት ነው። የቅርፊቱ የፊት ጠርዝ እንደ ከረጢት አፍ ይከፈታል፤ በዚያው ወደፊት እየሄደ ይወጣል፣ ወደኋላ አይመለስም። ከወጣ በኋላ ባዶውን ስታዪው ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ዓይኑ የነበረበት ሳይቀር። እኔን የሚገርመኝ እግሩ ነው። እያንዳንዷን እግር ከሽፋኗ ስቦ ያወጣታል፣ እጅ ከእጅጌ እንደሚወጣው። ሽፋኗ ሳትሰነጠቅ፣ ሙሉ ሆና ትቀራለች። የእግሩ ሽፋን ተሰንጥቆ ካገኘነው ራሱ አላወለቀውም ማለት ነው። የከፈተው ሌላ ነው። ወይ ወፍ በልቶታል፣ ወይ ሰው በመቀስ ከፍቶታል። እኛም ለምርመራ የምንከፍተው ሞቶ ገላው ሲደርቅ ነው፤ እግሩ አይታጠፍልንም፣ ስለዚህ በመቀስ እንሰነጥቃለን።

ይኸው ነው። ብልሽት ካለው ትምህርቴን ውቀሺ።

ከሆነልኝ ክረምት ላይ ልመጣ ነው። ብቻሽን አትሁኚ። መንሱር ሲመጣ ሰላም በይልኝ።

ጀዊሪያ

—

ቆቦ፣ መጋቢት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጀዊሪያ፤

ሰላም ነሽ? ጾሙ ገብቷል። ረመዳን ሙባረክ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ጃኬቱ ለጊዜው አትጠይቂኝ።

አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። እናታችን የሞተች ቀን፣ እትዬ አሚና ሲያጥቧት እኔ ውስጥ ነበርኩ። አንቺ የት ነበርሽ? በር ላይ ነበርሽ ልበል? ምን ሰማሽ? የማስታውሰው እውነት ይሁን ሕልም ይሁን ማረጋገጥ ስለፈለግሁ ነው።

ዚነት

—

ኩዋንታን፣ መጋቢት 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፤

አላህ ጾምሽን ይቀበልሽ። ያንቺ ደብዳቤ ስድስት መስመር ነው፣ ለእኔ ግን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። ምን ሆነሽ ነው? እማማ ራህመት ደህና ናቸው?

አዎ፣ በር ላይ ነበርኩ። ልጅ ናት ብላችሁ አላስገባችሁኝም። በጀርባዬ በሩን ተደግፌ ቆምኩ። መጀመሪያ የውኃ ድምፅ አልነበረም። መቀስ ነው የሰማሁት። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ እትዬ አሚና አንቺን ሲቆጡሽ ሰማሁ፤ «ጨርቁን አትንኪው፣ ክሩን ብቻ!» ሲሉሽ። ለምን እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም። ከዚያ ነው ውኃው የመጣው።

ሕልም አይደለም። አሁን ተራዬ ነው፣ ለምን ጠየቅሽኝ?

እዚህ ዳርቻው ጸጥ ብሏል። ትናንት አንድ እንስሳ አግኝተን የትኛው ወገን እንደሆነ ማናችንም አላወቅንም። እንዲህ ሲሆን «ቦታው ያልታወቀ» የሚባል መደብ አለ፤ እዚያ ይቀመጣል። ለጊዜው ነው እንጂ ለዘላለም እዚያ መተው ነውር ነው አለችን አስተማሪዬ። ያለችው ስለ እንስሳ ነው። እኔ ግን አንቺን አሰብኩ። አትቆጪኝ።

መንሱር ሲመጣ

ይህን ከጻፍኩ በኋላ እጄ ቆመ። እንዳለ ላኩልሽ።

ጀዊሪያ

—

ቆቦ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለጀዊሪያ፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ነሽ? ዒዱ እንዴት አለፈ? እኔ ደህና ነኝ። እማማ ራህመትም አሉ። ያስጨነቅሁሽን ሁሉ ይቅር በይኝ። አሁን በሥርዓቱ ልጻፍልሽ።

እናታችንን ስናጥብ መቀሱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሌሊቱን ቀርታ ስለነበር ገላዋ ደርቋል፤ እጇ አይታጠፍም። እትዬ አሚና «በግድ እንዳትስቢያት» አሉኝ። ቀሚሷን ከአንጓዋ ጀምረሽ እስከ አንገቷ፣ በስፌቱ ላይ ፍቺው አሉኝ። ስቸኩል ጨርቁን ቆረጥኩና ተቆጡኝ። የሟች ልብስ ለሰደቃ የሚሰጥ ነው፤ ድሀ ሰፍቶ እንዲለብሰው ጨርቁ አይነካም፣ ክሩ ብቻ ነው የሚቆረጠው። እኛ አገር አጣቢ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው አሉ። ያኔ የሰማሽው እሱን ነው።

ያንቺ ደብዳቤ፣ የእግሩ ሽፋን ያልሽው፣ የመጣ ቀን እጅጌ የሚለውን ቃል አልፌ ማንበብ አልቻልኩም። አውቀሽ ይሁን ሳታውቂ የጻፍሽው አልጠይቅሽም። ጃኬቱን አወጣሁ። አንድ እጅጌ ቢተረተር ያረጀ ነው እላለሁ። የሰፋሁት ግን ሁለቱንም ነበር፣ ከአንጓ እስከ አንገት፣ እኩል በእኩል። ስሰፋ ይሄ ለምን ሁለቱም ሆነ ብዬ አልጠየቅሁም። ሰው እንዴት እንዲህ ይታወራል?

ሳልነካው ሰነበትኩ። በር ላይ መቀስ ሰማሁ ያልሽበት ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ነው የራሴን ስፌት መፍታት የጀመርኩት። ከሥሩ የድሮው ክር ቁራጭ አለ። የተተረተረ ክር ረጅም ነው፣ ይንዘላዘላል። ይሄ ግን አጭር አጭር ነው፣ በመቀስ ጫፍ አንድ በአንድ የተቆረጠ። ጨርቁ ላይ አንድ ጭረት የለም። ቁልፉን የፈታው እሱ አይደለም፣ ጀዊሪያ። እጁ አልታጠፍ ብሏቸው ነው።

ያኔ አለቀስኩ። ሞቷል ብዬ አይደለም፤ መሞቱን ድሮም ሳላውቀው አልቀረሁም። ያለቀስኩት ስለዚያ ሰው ነው። ስንቱ ሳይታጠብ መንገድ ላይ በቀረበት በዚያ ክረምት፣ የእኔን ባል አንድ የማላውቀው ሰው በግድ አልሳበውም። ቁጭ ብሎ ክሩን አንድ በአንድ ቆረጠለት፣ አጠበው፣ ከፈነው። ጃኬቱንም ለሰደቃ መስጠት ሲችል አጥቦ፣ አጥፎ፣ ቤቱ ድረስ ላከው። በዚያ ጃኬት ሊነግረኝ የፈለገው ይሄን ነበር፤ እኔ ግን ሰፍቼ ዘጋሁት። ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ፣ ጎረቤት ደንግጦ መጣ። መተንፈስ እንደዚህ ቀላል እንደነበር ረስቼው ነበር።

በማግስቱ ጃኬቱን ይዤ እማማ ራህመት ጋ ሄድኩ። እጅጌውን ዘርግቼ አሳየኋቸው። በጣታቸው ስፌቱን ዳሰሱትና «ታጥቧል ልጄ?» አሉኝ። «ታጥቧል» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉና ደጋግመው ሳሙት። ከዒዱ በኋላ ጁምዓ ላይ ሸህ ሙሀመድሰይድ አሰገዱለት። ሰዉ ከጎብዬና ከሮቢት ሳይቀር መጥቶ ነበር። እማማ ራህመት በሰው ተደግፈው ቁጭ ብለው ዱዓውን አደረጉ። እኔም ለባሌ ሐዘን ከቤት ሳልወጣ ኢዳ ተቀምጫለሁ፤ ትምህርት ቤቱ ምትክ መምህርት አግኝቷል። አንቀልባ ይዛ የመጣችው ልጅ ለቅሶ ደርሳኝ ነበር። «ቲቸር፣ ብላንካሱን የት ነው የምንመድበው?» አለችኝ። ከጊንጡ ጋር አልኳት።

ስለ ባዶው ቅርፊት የጻፍኩላት እኔ ነኝ ብለሽ ራስሽን እንዳትወቅሺ። ያ ባይሆን ሳጥኑን አልከፍትም ነበር።

ጃኬቱን እንደገና ሰፋሁት። አሁን ሲመለስ እንዲለብሰው ብዬ አልነበረም። ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሰጠሁት፣ ሌሊት ይበርደዋል። ትንሽ ሰፍቶታል አሉ።

ክረምት ላይ ነይ። በየደብዳቤሽ መጨረሻ «መንሱር ሲመጣ ሰላም በይልኝ» ትዪ ነበር፤ ባለፈው ግን እጅሽ ቆመ። ከእንግዲህ ጨርሰሽ ጻፊልኝ፤ አላህ ይዘንለት በይ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። የከለከልኳቸው እኔ ነበርኩ።

እህትሽ ዚነት